ከድንጋይ ወደ በረዶ ለምትሻገሩ ልጆች

ባለፈው ሰሞን ጅማ ሄርማታ አካባቢ አንድ የሰፈራችን ልጅ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ከጓደኞቹ ጋር ገመድ ገዝተው ቅዳሜና እሁድ ገደል ይወጣሉ። አሁን ለማስተርስ ኖርዌይ ሊሄድ ነው።

«ጋሼ፣ እዚያ የረጋ ፏፏቴ፣ በረዶ በገመድ ይወጣሉ አሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ስለማልታማ ቶሎ እለምደዋለሁ አይደል?» አለኝ።

«ትለምደዋለህ» ብዬው አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ልጁ ያልጠየቀኝ ነገር ነው የቀሰቀሰብኝ።

እኔ የውሃ ኃይል መሐንዲስ ነበርኩ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ጊልገል ግቤ አንድ ሲገነባ ነበርኩበት። ከዚያ በፊት ኖርዌይ፣ ትሮንድሄም ተምሬያለሁ። ድንጋይ መውጣት የጀመርኩትም እዚያ ነው። የጅማ ልጅ ዛፍ መውጣት ማን ያስተምረዋል? እጄ ጠንካራ ነበር፣ ቶሎ ገባኝ። ልቤም አበጠ።

አንድ ክረምት ለትምህርት ጉብኝት ሪዩካን ወደምትባል ከተማ ወሰዱን። ቬሞርክ የሚባለው የኃይል ማመንጫ ያለው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1911 ሲከፈት በዓለም ትልቁ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ጀርመኖች ለአቶም ምርምር የሚፈለገውን ከባድ ውሃ ያመርቱበት ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1943 የኖርዌይ ኮማንዶዎች በሌሊት ሸለቆውን ወርደው፣ በወዲያኛው በኩል ገደሉን ወጥተው የከባድ ውሃውን ማምረቻ አፈነዱት። ይህን ታሪክ ስሰማ ተርባይኑን ረሳሁት። ዓይኔ ገደሉ ላይ ቀረ።

ሪዩካን በጣም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ አያገኛትም። እ.ኤ.አ. በ1928 ሕዝቡ ተራራ ላይ ወጥቶ ፀሐይ እንዲሞቅ ብለው በኬብል የሚሄድ መኪና ሠሩለት። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተራራው ላይ ትልልቅ መስታወት ተክለው ብርሃን ወደ አደባባዩ መለሱ። በረዶ ለሚወጣ ሰው ግን የፀሐይ አለመኖር በረከት ነው። ከመቶ በላይ ፏፏቴዎች ይረጉና ለወራት ይቆያሉ።

አብራን የመጣች አንዲት ሴትዮ ነበረች። የሃይድሮሊክስ ላብራቶሪ ሠራተኛ ናት፣ ዕድሜዋ እናቴን ያክላል። ዓይኔን አየችና «ነገ ጠዋት ና» አለችኝ። ሁለት የበረዶ መጥረቢያም፣ ከጫማ ሥር የሚታሰረውን ባለ ጥርስ ብረት፣ ክራምፖንም አዋሰችኝ።

ገመዱን ከላይ አሰረችልኝ። እኔ እንግዲህ የጥፍር ያህል ጠርዝ ላይ የምቆም ሰው ነኝ። ይሄማ ደረጃ ነው ብዬ ጀመርኩ። ትንሽ እንደወጣሁ ባቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከታች ትጮኻለች፦ «ተረከዝህን ጣል! ተረከዝህን!» ድንጋይ ላይ ትንሽ ጠርዝ ስትረግጡ ተረከዝ ከፍ ይላል፣ ልማድ ነው። ክራምፖን ላይ ተረከዝ ከፍ ካለ የፊት ጥርሶቹ ከበረዶው ይነቀላሉ። ሁለቱም እግሬ ባንድ ጊዜ ተነቀለ። መጥረቢያዎቹ ላይ ተንጠለጠልኩ።

መጥረቢያውንም ቡና እንደሚወቅጥ ሰው ከትከሻዬ እያነሳሁ አወርደው ነበር። በረዶው በሰሃን በሰሃን እየተላጠ ፊቴ ላይ ወደቀ። እሷ በተራዋ ስትወጣ ግን እጇን ዘና አድርጋ ወርውራ፣ መጨረሻ ላይ አንጓዋን ብቻ ታጥፍ ነበር። የመጥረቢያው ክብደት ሥራውን ይጨርሰዋል። ያበጠውን ቦታ ትታ የጎደጎደውን ትመርጣለች። ያበጠው ይላጣል፣ የጎደጎደው ይይዛል።

ስወርድ እጄ ደንዝዞ ነበር። የመደንዘዙ ነገር ቀላል ነው። ጣጣው ደም ሲመለስ ነው። እጅ ከልብ በላይ ተሰቅሎ፣ ጭብጥ ብሎ፣ በዚያ ላይ ቅዝቃዜ ሲጨመርበት ደም ከጣት ይሸሻል። ሲመለስ አለቀስኩ። ሊያስመልሰኝም ቃጣው። ሴትዮዋ ሳቀች። ማንም የሚያልፍበት ነው አለችኝ።

ከዚያ እናቴ ከጅማ የላከችልኝን ቡና ከፔርሙዝ ቀዳሁላት። ኖርዌጂያኖች ቡና ላይ ቀልድ አያውቁም። ስኳር ልጨምር ስል ተቆጣችኝ። እናቴ በጨው እንደምትጠጣው ስነግራት ግን ማመን አቃታት። ሁለቱን ማገናኘት ነበር።

ያን ክረምት ከሷ ጋር ብዙ ወጣሁ። ቢሮዋ ግድግዳ ላይ የኬንያ ተራራ ፎቶ ነበር። ሁለቱ ጫፎቹ ባቲያን 5,199 ሜትር፣ ኔሊዮን 5,188 ሜትር ናቸው። በሁለቱ መሃል ወደ ታች የሚወርድ በረዶ የሞላው ስንጥቅ አለ፣ ዳይመንድ ኩሎዋር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1973 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጡት ፊል ስናይደርና ኬንያዊው ቱምቢ ማተንጌ ናቸው። ምድር ወገብ አጠገብ፣ አፍሪካዊ፣ በአፍሪካ በረዶ ላይ! ይህን ስሰማ የተሰማኝን ልነግራችሁ አልችልም። «ላንተ ጎረቤት ነው፣ አንተ ትመራኛለህ» ትለኝ ነበር።

አገር ቤት ተመለስኩ። ግድቡ ጀመረ። ደብዳቤዋ ካምፕ ድረስ መጣ፦ «ዘንድሮ እንሂድ።» ግድቡ ሲያልቅ ብዬ መለስኩ። በሚቀጥለው ዓመትም ጻፈች። እኔም ያንኑ መለስኩ። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ2004 ተመረቀ። እሷ ግን ያኔ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነበር። ሌላ ሰው ፈልጋ አለመሄዷን የሰማሁት በኋላ ነው። ግድቡን ትቼ ብሄድ ኖሮ በዚያም ይቆጨኝ ነበር። ሥራው ሥራ ነው። ቢሆንም እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። የኩሎዋሩ ታችኛ ክፍልም አሁን ብዙ ዓመት በቅጡ አይሞላም። የኪሊማንጃሮም በረዶ እየሳሳ ነው። ድንጋዩ የትም አይሄድም፤ በረዶው ይሄዳል።

እንግዲህ ወደ ምክሩ። ሙቅ ልበሱ፣ ሄልሜት አድርጉ እያልኩ አላደክማችሁም። ይህን የማያውቅ ሰው ቤቱ ይቀመጥ።

የዘንድሮ ልጆች መውደቅ አትፈሩም። ገመድ የሚያዝበት ብሎን በተመታበት ድንጋይ ላይ ደግ ነው፣ ሰው በመውደቅ ይማራል። እናንተ በዚህ ከኛ ትበልጣላችሁ፣ ጣታችሁም ከኛ ይጠነክራል። በረዶ ላይ መሪ ሆኖ፣ ማለት ገመዱን ከታች እየጎተቱ ፊት ወጥቶ፣ መውደቅ ግን ሌላ ነገር ነው። የክራምፖኑ ጥርስ በረዶው ላይ ይያዝና ቁርጭምጭሚት ይሰበራል። በዚያ ላይ እጃችሁ ላይ ሁለት ስለታም ብረት አለ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ክረምት ከላይ በታሰረ ገመድ ብቻ ውጡ። ቪዲዮ ቀርፆ ቴሌግራም ላይ ለመለጠፍ ብሎ የሚመራ ልጅ አይቻለሁ። ወሬ አልወድም፣ አልተርክላችሁም።

ጫማ አታጥብቁ። የድንጋይ ጫማ ጠባብ ሲሆን ጥሩ ነው። የበረዶ ጫማ ሶሉ የማይተጣጠፍ፣ ጣት የሚንቀሳቀስበት መሆን አለበት። አትግዙ፣ ተከራዩ። የዘንድሮ ልጅ ሳይማር ነው ዕቃ የሚገዛው።

ገመድ የሚይዘው ሰው ከሚወጣው ሰው በታች አይቁም፣ ወደ ጎን ይራቅ። በረዶ መውደቁ አይቀርም። በረዶውንም አድምጡ። መጥረቢያው ሲገባ ድፍን ያለ ድምፅ ከሰጠ ጥሩ ነው። ባዶ በርሜል የሚመታ ከመሰላችሁ ከኋላው ክፍት ነው። እኔ ውሃ ሳጠና የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የረጋ ፏፏቴ ውስጥም ውሃ መውረዱን አይተውም። ቅዝቃዜ በድንገት ሲበረታ በረዶው ይኮማተራል። ለብቻው የተንጠለጠለ ዓምድ እንዲህ ባለ ሌሊት ማግስት ሊሰበር ይችላል። ብዙ ሰው ሲሞቅ ብቻ የሚያሰጋ ይመስለዋል።

ከድንጋይ የምትወስዱት ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ገመድ አያያዝ፣ ገመድ የሚታሰርበትን መልሕቅ መመዘን፣ የት ማረፍ እንደሚቻል ማየት፣ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። የኛ አገር ድንጋይ ክረምት ላይ ሲያሙለጨልጭ እግራችሁን ማመን ተምራችሁ ከሆነማ ግማሹን ጨርሳችኋል።

ቀስ በሉ ብያለሁ። ኬንያ ለመሄድ ግን ቀስ አትበሉ። ገንዘብ ሲኖረኝ፣ ሥራ ሲቀለኝ ማለት አያዋጣም። ራሴን የተቃረንኩ ከመሰላችሁ ይሁን፣ ተቃርኛለሁ።

አንድ ነገር ግን ከመሄዳችሁ በፊት እዚሁ ጅማ መማር ይቻላል። እሱም መውረድ ነው። ቪታሊ አባላኮቭ የሚባል የሶቪየት ተራራ ወጪ የፈለሰፈው ዘዴ አለ። በበረዶ ብሎን፣ እየተሽከረከረ በረዶ ውስጥ በሚገባ ባዶ ቱቦ፣ ሁለት ቀዳዳ አግድም ትቦረቡራላችሁ። ጫፋቸው ውስጥ ላይ ይገናኛል። ቀጭን ገመድ አሾልካችሁ ትቋጥሩና በሱ ላይ ትወርዳላችሁ። ብሎናችሁን መልሳችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ። ቀዳዳዎቹን ማገናኘት መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፣ እጅ ይልመደው። ረጅም ብሎንና የገመዱ መሳቢያ ቀጭን ሽቦ አለኝ፣ ቤቴን ታውቁታላችሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ኑ። ከጁስ ቤት ፍሪዘር አንድ ባልዲ ውሃ አስረግታችሁ በረዶውን ራሳችሁ አምጡ፤ የኔ ፍሪጅ ትንሽ ነው፣ ባለቤቴም አትፈቅድም።