ስለ ጠፋችው ጸሎት ቤትና ስለ ሙታኖቿ፤ ለወጣት የአርኪዮሎጂ ተማሪዎች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

ከሥራ ዘመኔ አንድ ምክር እንድጽፍላችሁ ስትጠይቁኝ ታላላቅ ሐውልቶችን ትቼ በእንግሊዝ አገር፣ በሌስተርሽየር፣ ሃላተን በምትባል መንደር አጠገብ ስለ ነበረች አንዲት ጸሎት ቤት ልጽፍላችሁ ወደድሁ። የቅዱስ ሞረል ጸሎት ቤት ትባላለች። ከምድረ ገጽ ጠፍታ ከኖረች በኋላ የሌስተር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከአካባቢው በጎ ፈቃደኞች ጋር ሆነው በቁፋሮ አገኟት፤ ከ12ኛው እስከ 16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠሩ የብር ሳንቲሞችና በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበሩ ሰዎች አፅም ወጣ።

ከሙታኑ ሁለቱ እጅ ለእጅ እንደ ተያያዙ ነበር የተገኙት። እ.ኤ.አ. በ2014 ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ ሁሉም «ፍቅረኞቹ» አላቸው። ሊሆኑ ይችላሉ፤ የእኛ ሥራ ግን ከእጁ ይጀምራል። አንድ የሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት። ሬሳው በሳጥን ሲቀበር በዙሪያው ባዶ ቦታ ስለሚኖር ጅማቱ ሲበሰብስ አጥንቶቹ ይወድቃሉ፣ ይበታተናሉ፤ በከፈን ብቻ ሲቀበር ግን አፈሩ ቀስ በቀስ ገብቶ በነበሩበት ይይዛቸዋል። ስለዚህ ሁለቱ እጆች ሲቀበሩ የተያያዙ ናቸው ወይስ ኋላ ተንሸራተው የተገናኙ የሚለውን የሚመሰክርላችሁ እያንዳንዷ የጣት አጥንት የተኛችበት ጎንና ጥልቀት ነው።

ይህን የተማርሁት አጥፍቼ ነው። በወጣትነቴ አንድ ቀን ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ቸኩዬ የአንድን አፅም የግራ እጅ ጣቶች ንድፍ ሳላነሳ ለቅሜ ከረጢት ውስጥ ከተትኋቸው። «እጁ ደረቱ ላይ ነበር ወይስ ሆዱ ላይ?» ብለው አለቃዬ ሲጠይቁኝ መልስ አጣሁ። ዛሬም የለኝም፤ ዝናቡም በዚያ ቀን አልዘነበም።

በዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ አትቸኩሉ። 14ኛው ክፍለ ዘመን ሲባል እ.ኤ.አ. በ1348 እንግሊዝን የመታው፣ «ጥቁር ሞት» የተባለው ታላቁ ወረርሽኝ ወዲያው ወደ አሳባችሁ ይመጣል። በአጥንቱ ውስጥ የቀረውን ካርቦን ለክቶ ዕድሜውን የሚገምተው የሬዲዮካርቦን ልኬት ግን የሚሰጣችሁ የአሥርተ ዓመታትን ክልል እንጂ አንድን ዓመት አይደለም፤ ሁለቱ በአንድ ሳምንት ስለ መሞታቸው ከመቃብሩ አፈር እንጂ ከቤተ ሙከራው ቁጥር ብዙ አትጠብቁ። የወረርሽኙ ተሕዋስ ዘረመል አንዳንድ ጊዜ በጥርስ ውስጥ ተጠብቆ ስለሚገኝ፣ ያ ማስረጃ እንዳይበላሽ ጥርሶቹን በባዶ እጃችሁ አትንኩ፣ በውኃም አትጠቡ።

ከእጆቹ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ አለ፤ በመንደሩ ደህና ቤተ ክርስቲያን እያለ እነዚህ ሰዎች ለምን እዚህ ተቀበሩ? ከመካከላቸው አንዱ በዕድሜ የገፋ ሰው ሲሆን፣ የራስ ቅሉ በስለት ተመትቶ ሳይሞት አልቀረም። ወንጀለኞች፣ እንግዶች ወይም ሕመምተኞች ስለ ነበሩ መንደሩ አልቀበላቸው ብሎ ይሆናል የሚል አሳብ ቀርቧል፤ በሌላ በኩል ቦታዋ ተሳላሚዎች የሚመጡባት ስለ ነበረች እዚያ ማረፍን ራሳቸው ፈልገው ሊሆን ይችላል። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ የተገፋ ሰው በጸሎት ቤት ጥላ ሥር ይቀበራል ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ይህ ግን የሽማግሌ ግምት ነው። ሰዎቹ የዚያው አገር ተወላጆች ይሁኑ ከሩቅ የመጡ፣ በልጅነታቸው የጠጡት ውኃ በጥርሳቸው ላይ የተወው የስትሮንሺየም (መጠኑ እንደየአገሩ ዐለት የሚለያይ ንጥረ ነገር) ምልክት ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል፤ እናንተ ብትሆኑ ከዚያ ብትጀምሩ እወዳለሁ።