ጀልባ ላይ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሚስቴ ደሞ ትስቃለች

ጥያቄ፦ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ የምነዳ የ36 አመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ የሐይቅ ከተማ ልጅ ናት፣ አባቷ አሳ አጥማጅ ናቸው፣ ታንኳ ላይ ነው ያደገችው። ለአረፋ ቤተሰቦቿ ጋ ሄደን ከሰአት በጀልባ ወጣን፣ መሀል ስንደርስ ንፋስ ተነስቶ ጀልባዋ ስትወዛወዝ ልቤ ልትወጣ ደረሰች፣ ጮኬ መልሱኝ አልኩ። እሷና ወንድሞቿ ሳቁብኝ፣ "አብሽር፣ ወንድ አይደለህም እንዴ" አለችኝ። ከዛ ወዲህ እንደ ድሯችን አይደለንም። አሁን ደሞ የ6 አመት ልጃችንን ይዘን እንውጣ ትላለች፣ እኔ እምቢ ብያለሁ፣ የሐይቁ ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው። በመኪና የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስንወርድ አይኗን የምትጨፍን ሴት እኔን ፈሪ ትለኛለች!

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጽሁፍህን ሁለት ሶስቴ አነበብኩት፣ ያቺን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ደሞ ከዛም በላይ። እመለስባታለሁ።

መጀመሪያ ሰውነትህ ላይ የሆነውን እንየው። አእምሯችን ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፣ አደጋ የመሰላት ነገር ሲመጣ አድሬናሊን ያስለቅቃል፣ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ደሞ አንተ ቁጭ ብለህ ሳታስብ በፊት ነው ስለዚህ ከወንድነት ጋር ምንም አያገናኘውም። ባለቤትህም ያቺው ክፍል አለቻት፣ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጀልባ ሺህ ጊዜ ሲወዛወዝና ሺህ ጊዜ በሰላም ዳር ሲደርስ አይታለች፣ ውዝዋዜው ለሷ እሽሩሩ ነው። በሸራ የሚሄዱ ትልልቅ ጀልባዎች ላይም እንዲሁ ነው፣ ንፋስ ሲገፋቸው ወደ ጎን ያዘነብላሉ፣ ለምዶት የማያውቅ ሰው ተገለበጥን ይላል፣ የለመደው ግን ከስር ያለው ክብደት መልሶ እንደሚያቆማት ስለሚያውቅ ሻዩን ይጠጣል።

አሁን ወደ ሐረጎ። አንተ ያንን ጥምዝምዝ በቀን ስንቴ ትወርደዋለህ፣ መሪው በእጅህ ነው፣ ፍሬኑ በእግርህ ነው። እሷ ጎንህ ተቀምጣ ገደሉን ነው የምታየው። ታዲያ አይኗን ስትጨፍን ምን አልካት? አልጻፍክልኝም፣ ግን አብሽሪ ብለህ ሳቅ ሳትል አልቀረህም ብዬ አስባለሁ። አብሽር እኮ እኛ ወሎዎች የምንወደው ቃል ነው፣ ሀዘን ላይ ስንት ሰው አጽናንቶልናል፣ የደነገጠ ሰው ሳይሰማ በፊት ሲባል ግን ዝም በል ማለት ይሆናል። ጀልባው ላይ የጎዳህ ንፋሱ አይመስለኝም። መልሱኝ ስትል ሰሚ ማጣትህ ነው፣ እሱ ደሞ ለሷም ሐረጎ ላይ በየጊዜው ይደርስባታል።

ስለዚህ ማታ ቡና ላይ፣ ልጁ ከተኛ በኋላ፣ ከዚህ ጀምር። "የዛን ቀን በጣም ደንግጬ ነበር፣ ስትስቂ ደሞ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ፣ እኔም መኪና ላይ እንደዛ አድርጌሻለሁ" በላት። የሷን ጥፋት ብቻ ይዘህ ከሄድክ በረካው ሳይደርስ ትጣላላችሁ።

ጀልባውን በተመለከተ ጨርሶ አልወጣም ማለትህ ፍርሀቱን ያሳድገዋል፣ በሸሸህ ቁጥር የሚመጣው እፎይታ አእምሮህን "አየህ፣ ስለሸሸህ ነው የተረፍከው" ብሎ ያስተምረዋል። ጎትቶ መሀል ማስገባትም ያው ነው፣ ያስበረግጋል እንጂ አያለምድም። መሀል መንገድ አለ። መጀመሪያ ዳር የታሰረች ጀልባ ላይ ሁለታችሁ ብቻ ቁጭ በሉ፣ ፍርሀቱ ከፍ ይልና ቀስ ብሎ ሲወርድ ታየዋለህ፣ ሳይወርድ አትነሳ። ሌላ ቀን ዳር ዳሩን ትንሽ ሂዱ፣ ከዛ ራቅ አድርጉ። ጠዋት ይሁን፣ ከሰአት ነው ንፋሱ የሚበረታው። መሀል ላይ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ፣ ውሃውን ትተህ ራቅ ያለውን ዳርቻ ወይ ተራራውን እይ፣ ትንፋሽህን ስታስወጣ ከምታስገባው አስረዝመው። እና አንድ ቃል ተስማሙ፣ "ይበቃኛል" ስትል ባለጀልባው ይመለሳል፣ ለምን የለ ቀልድ የለ። የሚገርምህ መመለስ በእጁ እንደሆነ ያወቀ ሰው ነው ርቆ የሚሄደው፣ አንተም መሪ ስትይዝ ሐረጎ የማያስፈራህ ለዛ ነው።

80 ሜትሩን እርሳው። ላይፍ ጃኬት ለለበሰ ሰው ሶስት ሜትርም ሰማንያ ሜትርም አንድ ነው፣ ላልለበሰ ዋና ለማያውቅ ደሞ ሶስቱም ይበቃል። ልጁ ላይ ግን ከአንተ ጋር ነኝ፣ ፈራህም አልፈራህም። በክብደቱ ልክ የሆነ፣ በደንብ የታሰረ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አይወጣም፣ አያቱ ስንት አመት ያለሱ ቢያጠምዱም። ይሄንን ስትነግራት "እኔ ስለምፈራ" አትበል፣ የልጁን ጉዳይ ከፍርሀትህ ለይተህ ንገራት። ጃኬቱ ከተገኘም አንተ መጀመሪያ ትንሽ ልመድ፣ ልጅ ውሃውን ከማየቱ በፊት የአባቱን ፊት ነው የሚያየው።

ወንድሞቿን አንተ አትናገራቸው፣ እልህ ይሆናል። እሷ ትንገራቸው፣ እህታቸው ናት፣ ከሷ ሲሰሙት ነው የሚያፍሩት።