መልስ፦ የሰፈራችን ሚድል ስኩል 3 ኮከብ ነው፤ ቤት ልቀይር?

እህቴ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የሰፈራችሁ ሚድል ስኩል ከስቴቱ የትምህርት ቤቶች ደረጃ ከ5 ኮከብ 3 ብቻ ስላገኘ ቤት ልትቀይሪ እንደሆነ ጽፈሻል። ኪራይ ከመጨመርሽ በፊት ትንሽ ቆይ።

የሜሪላንድ የትምህርት ቤቶች ሪፖርት ካርድ ድረ ገጽ ላይ ግቢ። ውጤቱ በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ እንግሊዝኛ ገና በሚማሩ ልጆች ተለያይቶ ተቀምጧል። ጠቅላላ አማካዩ ብዙ ጊዜ የሚያሳይሽ የወላጆችን ኪስ ነው። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ ሁሉ በየዓመቱ ሒሳብ ይፈተናል፤ ትናንት ከአገር ቤት የመጣውም ጭምር። እሱ የሚያቅተው ጥያቄውን ማንበብ እንጂ ሒሳቡ ላይሆን ይችላል።

«ጥቁር» የሚለው መስመር ደግሞ እንዳያሳስትሽ። የእኛ ልጆች፣ እዚሁ ለትውልድ የኖሩት ጥቁር አሜሪካውያንና ከካሪቢያን የመጡት ሁሉ እዚያው ተደባልቀዋል። ሀበሻ የሚባል መስመር የለም።

እኔ ብሆን የማየው እድገቱን ነው። ልጆቹ ከአምናው ምን ያህል ተሻሻሉ? ስንቶቹስ 8ኛ ክፍልን ሳይጨርሱ አልጀብራ 1 (የሃይስኩሉን የሒሳብ ኮርስ) ይወስዳሉ? ይሄኛውን ጉዳይ ችላ እንዳትዪ። የእኔዋ 6ኛ ክፍል ስትገባ የሒሳብ ምደባዋን ወረቀት ያገኘሁት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቦርሳዋ ሥር፣ ከሙዝ ልጣጭ ጋር ተጣብቆ። ልትመርጠው ትችል የነበረው የሒሳብ ክፍል አልፏት ነበር።

ስለዚህ ሄደሽ የትምህርት ቤቱን አማካሪ አነጋግሪ። የአማርኛ አስተርጓሚ ከፈለግሽ ቀደም ብለሽ ጠይቂ፤ በነፃ ነው።