ፍሬው ለአፍ፣ ልጣጩ ለእጅ፦ የክረምት ጥያቄና መልስ

ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዝናቡ ደጅ አላስወጣ አለ፣ ልጆቹ ደግሞ «ምን እንሥራ?» እያሉ ከሳሎን ጓዳ ይመላለሳሉ። ስለ ፍራፍሬ ጣፋጭና ስለ ቀላል የእጅ ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እወቁ፤ እኔ ጋ «ይህን ዕቃ ግዙ» የሚባል ነገር የለም። ፍሬውን እንበላለን፣ በልጣጩና በውስጡ ፍሬ እንሠራለን። በቃ።

ጥያቄ፦ ልጆቼ በየቀኑ አይስክሬም ግዢ ይሉኛል። ማሽን የለኝም። ቤት ውስጥ ይሠራል?

ይሠራል፣ ያውም በሙዝ ብቻ። በደንብ የበሰለ፣ ልጣጩ ጠቆር ጠቆር ያለ ሙዝ ፈልጊ፤ ሌላው ገዢ የሚያልፈው፣ ባለሱቁ በቅናሽ የሚሰጥሽ ዓይነት። መጀመሪያ ላጪው፤ ከነልጣጩ በረዶ ከሆነ በኋላ መላጥ ፍዳ ነው። ከዚያ በስሱ ቆራርጠሽ ትሪ ላይ ሳይነካካ ዘርጊና ፍሪዘር ውስጥ ይደር። ጠዋት በጁስ መፍጫ ምቺው። መጀመሪያ ፍርፍር ይልብሻል፣ «ይሄ ነገር አልሆነም» ትያለሽ፣ አይዞሽ፤ ማሽኑን እያጠፋሽ በማንኪያ ወደ ታች ግፊው፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይለሰልሳል። ወተትም ስኳርም አይፈልግም። አንድ ማንኪያ ኮኮዋ ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ ከጨመርሽበት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የጾም ስለሆነ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ «እኔም እጾማለሁ» ብሎ ለሚነሳው ልጅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ጁስ በኩባያ አድርጌ ሳቀዘቅዝ ድርቅ ይላል። ልጆቹ ጣዕሙን መጠው ነጩን በረዶ ይጥሉታል።

ውሃ አብዝተሻል። በረዶውን የሚያለሰልሰው ስኳሩና የፍሬው ሥጋ ነው። ማንጎ ወይ ፓፓያ ያለ ውሃ ወፍራም አድርገሽ ፍጪ፣ ሎሚ ጠብ አድርጊበት። ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ምላስ ላይ ስለሚቀንስ ገና ሳይቀዘቅዝ ስትቀምሺው ትንሽ በዛ ያለ ይሁን። ስፕሪስ ከወደዳችሁ በዚያው አሠራር ይሆናል፤ አቮካዶውን ጨምረሽ ጠንከር እስኪል ጠብቂ፣ ከዚያ ማንጎውን፣ ከዚያ ፓፓያውን። ካልጠበቅሽ ይቀላቀላል፣ ይበላል ግን አያምርም። እንጨት ከሌለ የሻይ ማንኪያ ሰክተሽ አቀዝቅዢ። ስቴኪኒ ግን ተዪው፣ ሹል ነው፣ የሕፃን አፍ ውስጥ አይገባም።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ባገኘሁት አሠራር ማርማላታ ሠራሁ። በቴርሞሜትር 105 ዲግሪ እስኪደርስ ጠብቂ ይላል፤ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፣ መጨረሻ ላይ ከረሜላ ሆነ። አዲስ አበባ ነኝ።

የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ አሠራሩ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ማርማላታም እንደዚያው ነው፤ እዚያ በ105 የሚረጋው እዚህ 97 አካባቢ ላይ ይደርሳል። አንቺ 105 ስትጠብቂ ውሃው ሁሉ ተንኖ አለቀ ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከሆንሽ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል፤ አዳማ ወይ ሐዋሳ ላሉት ከፍ ይላል።

እኔ ቴርሞሜትሩን ትቼዋለሁ። ሳህን ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪ፤ ማርማላታው ወፈር ሲል ትንሽ ጠብ አድርጊበትና ከደቂቃ በኋላ በጣትሽ ግፊው። ፊቱ ከተሸበሸበ ደርሷል፣ አውርጂ። ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ድስቱ ውስጥ ቀጠን ብሎ ቢታይሽ አትደንግጪ።

ለጀማሪ የምመርጠው ዘይቱን ነው። የሚያረጋውን ነገር በተፈጥሮው ስለያዘ አያስቸግርም። ቀቅለሽ በወንፊት አሽተሽ ፍሬውን አስወጪ፣ ለ1 ኪሎ የተጣራ 700 ግራም ያህል ስኳርና የአንድ ትልቅ ሎሚ ጭማቂ ይበቃል። ፓፓያና ማንጎ ብቻቸውን አይረጉም፣ ሎሚ ጨመር አድርጊላቸው፤ የሎሚውን ፍሬ በጨርቅ ቋጥረሽ አብረሽ ብትቀቅይው ይበልጥ ይረዳል። ልጆች እዚህ ላይ ይራቁ፣ የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ የባሰ ያቃጥላል።

ጥያቄ፦ ጄሎ ውስጥ አናናስ ጨመርኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ፍሪጅ አድሮ ውሃ ሆኖ ጠበቀኝ።

ጥሬ አናናስ ጄሎውን የሚያረጋውን ጄላቲን የሚበላ ነገር አለው። ፓፓያም እንደዚያው። ለጥቂት ደቂቃ ቀቅለህ፣ አቀዝቅዘህ ጨምር፣ ይረጋል። የቆርቆሮ አናናስ ችግር የለውም፣ ቀድሞ ተቀቅሏል። በነገራችን ላይ ጄላቲን ከእንስሳ ስለሚሠራ ለጾም አይሆንም፣ ሙስሊም ወገኖቻችንም ሐላል የሚል ምልክት ያለበትን ነው የሚፈልጉት።

ጥያቄ፦ ለልጄ ምሳ ዕቃ የምቆርጠው አፕል እስከ ምሳ ይጠቁራል።

ሎሚ ጠብ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክረሽ አውጪው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። እዚህ ተምር ሞልቷል፣ ልጆቹ ግን እንዲሁ ሲሰጣቸው አይበሉም። ምን ላድርግበት?

ፍሬውን አውጥተሽ በምትኩ የተቆላ ኦቾሎኒ ወይም ለውዝ ክተቺበት፣ ግማሹን በቀለጠ ቸኮሌት ንከሪና ሰሊጥ ነስንሺ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይርጋ። ሲነከስ ይቆረጠማል፣ ልጅ የሚወደው እሱን ነው። ከአራት ዓመት በታች ካሉ ግን ኦቾሎኒው ይፈጭ፣ ያንቃል። ማርም ልጨምር የምትሉ፣ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የብርቱካን ልጣጭ መጣል ያሳዝነኛል።

እኔንም። ነጩን ብዙም ሳትፍቂ በቁመቱ ሸንሽኚው፣ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊ፣ እንደገና ቀቅለሽ ድፊ፤ ምሬቱ የሚወጣው እንዲህ ነው። ከዚያ እኩል ስኳርና ውሃ አፍልተሽ በቀስታ እሳት ብርሃን የሚያሳልፍ እስኪመስል አብስይው። አድርቀሽ ስኳር ላይ አንከባሊ። የቀረውን ሽሮፕ አትድፊው፣ ሻይ ላይ ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ የአቮካዶ ፍሬ ጨርቅ ያቀልማል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው ወይስ የቲክቶክ ነው?

እውነት ነው፣ ያውም ሮዝ ነው የሚሰጠው። አረንጓዴ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ ይገረማል። ከአምስት ስድስት አቮካዶ ፍሬውን ሰብስበሽ እጠቢ፣ ከትፈሽ ውሃ ውስጥ በቀስታ እሳት አንድ ሰዓት ያህል አቆይው፤ አይንተክተክ፣ አለዚያ ወደ ቡኒ ይሄዳል። ውሃው ሲቀላ አጥልለሽ እርጥብ ጨርቅ ክተቺና አሳድሪ። ጨርቁ ጥጥ መሆን አለበት፣ ያረጀ ነጠላ ቁራጭ ልክ ነው። ናይሎኑ አይቀበልም። የብረት ድስት አትጠቀሚ፣ ቀለሙን ያጠቁረዋል። የሽንኩርት ልጣጭ ደግሞ በዚሁ መንገድ ቢጫና ብርቱካንማ ይሰጣል። ልጆቹ ጨርቁን እዚህም እዚያም በክር ጥብቅ አድርገው ካሰሩት የታሰረበት ቦታ ነጭ ይቀራል፣ ሲፈታ የሚጮሁትን ጩኸት ትሰሚያለሽ።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጆቼ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል ሠርተው ለጎረቤት ማዞር ይፈልጋሉ። ቀለም መግዛት ግን ከበደኝ።

በየዓመቱ የምጠብቀው ጥያቄ! ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ ወንዶቹ ሥዕል ያዞራሉ፤ አሁን አሁን ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተቀባ ወረቀት ይዘው ሲመጡ ግን ቅር ይለኛል። ዘንባባው ቢጣመም፣ ፀሐይዋ ብታዘነብል ምን አለበት? ልጁ ራሱ ይሣለው።

ለቢጫ እርድ በትንሽ ውሃ፣ ለቀይ የቀይ ሥር ጭማቂ፣ ለቡኒ ወፍራም ቡና ወይም አተላው። እያንዳንዱ ላይ ትንሽ ኮላ ጠብ ካደረግሽ ሲደርቅ አይረግፍም። ደግሞ አስማት አለላችሁ፦ ወረቀቱን በእርድ ውሃ ቀቡትና ይድረቅ፣ ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ በጥጥ ይጻፉበት። ጽሑፉ ቀይ ሆኖ ብቅ ይላል። ሎሚ ሲነካው መልሶ ይቢጫል። እርድ ልብስ ላይ ስለማይለቅ አሮጌ ልብስ አልብሻቸው።

ጥያቄ፦ ቨርጂንያ ነን። ለልጃችን አደይ አበባ ከየት እናምጣላት?

ከወረቀት። ቢጫ ሶፍት ደራርባችሁ እንደ ማራገቢያ እጠፉ፣ ወገቡን በክር እሰሩ፣ ጫፉን በመቀስ አሹሉ፣ አንድ በአንድ ወደ ላይ ግለጡ። መሐሉ ላይ በአቮካዶ ቀለም የተነከረች ጥጥ ትለጠፍበት። ዘንጉ አረንጓዴ ወረቀት የተጠቀለለበት ስቴኪኒ። በእቅፍ የሚያዝ ያህል ለመሥራት ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ይወስዳል፣ እሰየው፣ እሱ አይደል የተፈለገው?

ጥያቄ፦ እኔ አያት ነኝ። ለልጅ ልጄ ስፌት ላስተምር ብዬ የስፌቱን ሣር፣ አክርማና ስንደዶ፣ የት አገኛለሁ? እንደ ድሮው የለም።

እማማ፣ መርካቶ ካልተመቸዎት በገመድ ያስጀምሯት። ወፈር ያለ የጆንያ ገመድ ጠምዝዘው እየዞሩ፣ ባለቀለም ክር በትልቅ መርፌ እየጠቀለሉ ዙሩን ካለፈው ዙር ጋር መስፋት ነው፤ እጅዎ የሚያውቀው ያው ነው። መጀመሪያ የብርጭቆ ማስቀመጫ ትሥራ፣ መሶብ ይቆይ። ለእጇ ከወስፌ ይልቅ አፉ ደነዝ ያለ መርፌ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የአሥር ዓመት ልጄ ይህን ሁሉ «የሴት ሥራ ነው» ብሎ ስልኩ ላይ ተደፍቷል።

የካልሲ ኳስ አሠራው። አባቱ ያውቃል፣ ካላወቀ አጎቱ ያውቃል። ጎደሎ ካልሲ ውስጥ ፌስታልና ጨርቅ ጠቅጥቆ፣ አፉን ጠምዝዞ መልሶ ማልበስ፣ እንደገና መጠምዘዝ፣ ሌላ ካልሲ መደረብ። ጠበቅ ካለ ይነጥራል። ዝናቡ ጋብ ሲል ይዞት ይወጣል። ሙዙን ግን እሱ ይፍጨው፣ አይስክሬሙን የሚበላው እሱ አይደል እንዴ!