ሰው ሲወጣበት የሚተከል ፈረስ

ጥያቄ፦ ለጥር 23ቱ የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላደርሰው ያሰብሁት ዳማ ፈረስ በእጅ ሲመሩት እሺ ብሎ ይሄዳል፤ ስወጣበት ግን ባለበት ይተከላል፣ በአለንጋ ስነካውም ወደ ኋላ ይሸሻል። ምን ላድርግ? (ከዳንግላ)

መልስ፦ አለንጋውን ያስቀምጡት፤ በዓሉም ለከርሞ ቢቆይ ይሻላል። ሰው ሲወጣበት ብቻ የሚቆም ፈረስ ብዙ ጊዜ የሚያመው ነገር ስላለ፣ አስቀድሞ ጀርባውንና አፉን መመርመር ይገባል። ከጉዞ በኋላ ኮርቻውን አውርደው በላብ በራሰው ጀርባ መካከል ደርቆ የቀረ ቦታ ካዩ፣ ኮርቻው እዚያ ላይ ሳይጫነው አይቀርም፤ የአከርካሪውን ግራና ቀኝ በጣትዎ ጫን ጫን ሲያደርጉ ከሸሸ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ፣ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው አይውጡበት። ልጓሙም ከንፈሩንና ምላሱን አቁስሎት እንደሆነ ይዩ።

ጤነኛ ከሆነ ችግሩ ከጋላቢው ሊሆን ይችላል፤ በተረከዝ እየጎሰሙ ዛብ መሳብ «ሂድ»ም «ቁም»ም ማለት ነውና። ዛቡን አላልተው በባትዎ ጫን ያድርጉት፤ አንዲት እርምጃ እንደተራመደ ግን ወዲያው ይልቀቁት፤ ፈረስ የሚማረው ከመጫኑ ይልቅ ከመልቀቁ ነውና። ከተተከለ አንገቱን በዝግታ ወደ ጎን ማዞር እግሩን ያስነሣዋል። መጀመሪያ ሰሞን የለመደው ሰው ከፊት ይምራው፤ ፈረሱ የእርስዎን ትእዛዝ መቀበል ሲጀምር መሪው ቀስ በቀስ ወደ ጎን፣ ከዚያም ወደ ኋላ ይቅር።