ከቆቃ እስከ ጣና 46 ዓመት

ጥያቄ፦ በባቱ (ዝዋይ) ሐይቅ ዳር ያለው ረግረግ መልሶ እንዲያገግም በሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ባለሙያ ነኝ። እንቦጭ የሚባለው የውሃ ላይ አረም እኛም ዘንድ ገብቷል። ባለፈው ዓመት ለልምድ ልውውጥ ባህር ዳር ሄደን ሁለት ቀን አዳራሽ ውስጥ ገለጻ ሰማን፣ ግማሽ ቀን በጀልባ ዞርን፣ ፎቶ ተነሥተን ተመለስን። ሪፖርቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሥራችን ላይ ግን የተለወጠ ነገር የለም። ዘንድሮም በጀት ተይዞልናል። ከሌላ ፕሮጀክት የምር መማር የሚቻለው እንዴት ነው?

ከባቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጣና ዙሪያ ከ10 ዓመት በላይ ስሠራ እንዳንቺ ያሉ እንግዶችን ብዙ ጊዜ ተቀብያለሁ። ያንኑ አዳራሽና ያንኑ ጀልባ አሳይቼ ሸኝቻለሁና ጥያቄሽ እኔንም ይመለከተኛል።

እንቦጭ አገራችን ውስጥ መኖሩ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቆቃ ግድብና አዋሽ ወንዝ ላይ። ጣና መግባቱ የታወቀው ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ.፣ የመገጭ ወንዝ ሐይቁን በሚቀላቀልበት በኩል። መሀሉ 46 ዓመት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አዋሽ ዳር አረሙ መረብ እንዴት እንደሚይዝ፣ ቦይ እንዴት እንደሚደፍን ኑሮው ያስተማረው ሰው ነበረ። ጣና ዳር ባለችው ደምቢያ ላይ ግን ያን ሐምራዊ አበባ አይቶ «ይሄ ነገር ሳይበዛ እንንቀለው» የሚል አልተገኘም፤ የነገረን ሰው አልነበረማ። እኛም ሄደን አልጠየቅንም። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርሽ። በምሥራቁ ዳርቻ አንድ ቀበሌ ውስጥ በታኅሣሥ ሕዝቡን አስተባብረን ነቀላ ጀመርን። ሰው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ አልቅት እየነከሰው ይጎትታል። አንዱን ተክል አንሥተሽ ብታዪው አገዳው አብጦ እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል፤ ሥሩ ጭቃ እንደያዘ ጥቁር ጠጉር ይንጠለጠላል። ከጎኑ ልጁ አለች፣ በቀጭን ገመድ እንደ እትብት ተያይዛ። ገመዱ ሲበጠስ እናትም ልጅም ለየብቻቸው ይኖራሉ። እኛ ደግሞ እየጎተትን ስንበጥስ ነበር የዋልነው፤ ውሃው ላይ የቀረው ሁሉ ራሱን ችሎ ቀጠለ።

ያወጣነውን ዳር ላይ ከመርነው። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ መጥተው ክምሩን አዩና ከኋላችን ወዳለች ሾላ ጠቆሙኝ። «ልጄ፣ ውሃው ክረምት ሲወጣ እስከዚያች ሾላ ይደርሳል። ይህን ከሾላዋ ወዲያ አሻግሩት» አሉኝ። ሾላዋ ሩቅ ነበረች፣ ሰውም ደክሞታል፤ ተውነው። በነሐሴ ውሃው ሾላዋ ሥር ደረሰ። ክምሩ ሄደ። ውሃው መሸሽ ሲጀምር ክምሩ የነበረበት ጭቃ በትንንሽ ቡቃያ ተሸፍኖ አገኘሁት። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት እንደሚቆይ በመጽሐፍ አውቅ ነበር፤ በዓይኔ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ሪፖርቴ ላይ የተነቀለው ሄክታር አለ። ሾላዋ የለችም። ከሌላ ቦታ ለሚመጣ ሰው ከሁሉ የሚጠቅመው እሱ ነበር፣ አልጻፍኩትም።

ስለዚህ ዘንድሮ አዳራሹን ተዉት። ጥቅምት ወይም ኅዳር ላይ፣ ሰው ውሃ ውስጥ እየሠራ ባለበት ጊዜ ኑና አንድ ቀበሌ ብቻ መርጣችሁ አራት ቀን ተቀመጡ። የሚመጡትም ኃላፊዎች ብቻ አይሁኑ። ከቱሉ ጉዶ ደሴት የዛይ ዓሣ አጥማጅ፣ ከዳርቻው በፓምፕ ውሃ እየሳበ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ፣ አንድ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ይኑሩ። ኦሮምኛና አማርኛ እኩል የሚናገር አስተርጓሚ ያዙ፤ የአበሉን ግማሽ የሚፈጅ ቢሆን እንኳ ያዙ። ዓሣ አጥማጁ ዓሣ አጥማጁን ሲያገኘው እኔና አንቺ ልንጠይቀው የማናስበውን ይጠይቀዋል። አንቺ ደግሞ በየደጁ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ «ዳግመኛ የማትሠሩት ምንድን ነው?» መልሱ ቶሎ አይመጣም። ቡና እስኪፈላ ጠብቂ።

ባህር ዳር ከመምጣታችሁ በፊት ግን ቆቃ ውረዱ። ቅርባችሁ ነው፣ ከኛም የቆየ ዕውቀት ያለው እዚያ ነው።

መንገዱ ከተመቻችሁ ኢሉባቦርንም እዩ። እዚያ ገበሬው ረግረጉን አጠንፍፎ በቆሎ ይዘራል፤ ምርቱን ካነሣ በኋላ ቦዩን መልሶ ይደፍነዋል፣ ውሃው ተመልሶ እንዲተኛና ለቤት ክዳን የሚሆነው ጨፌ የሚባለው የረግረግ ሣር እንዲበቅል። ቦዩ ከልክ በላይ የጠለቀበት ቦታ ላይ ጨፌው አይመለስም። ቦይ መቼ እንደሚቆፈርና እንደሚጠረግ አባ ለጋ በሚሉት የረግረግ ሥራ አስተባባሪያቸው አማካይነት ይስማማሉ። እኛ «ረግረግ ይከለል» ወይም «ረግረግ ይታረስ» እያልን ስንከራከር እነሱ ሁለቱንም በተራ ሲያደርጉት ኖረዋል። የናንተ አትክልት አምራች ይህን ቢያይ ከኔ ስብከት አንድ ሺህ ጊዜ ይሻለዋል።

ስለ ቪክቶሪያ ሐይቅ ጢንዚዛ የሚያወራ ሰው ካጋጠመሽ እስከ መጨረሻው አስጨርሺው። ዩጋንዳና ኬንያ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አረሙን የሚበሉ ጢንዚዛዎች ለቅቀው አረሙ በጣም ቀንሷል፤ እውነት ነው። ነገር ግን የ1997 እና 1998ቱ የኤልኒኞ ዝናብና ማዕበል ምን ያህል ድርሻ እንዳለው ምሁራኑ ይከራከራሉ፤ አረሙም ከዓመታት በኋላ ተመልሷል። እኛ ጋ የሚደርሰው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ውሃችሁ በቡልቡላ ወንዝ ወርዶ አብያታ ሐይቅ ይገባል፤ አብያታ ደግሞ ዓይናችን እያየ ሸሽቷል። እናንተ ዳር የሚሳበው ውሃ እዚያ ያሉ ሰዎችን ይነካል። በመቂና በከታር ወንዞች ላይኛው ተፋሰስ አፈር የሚጠብቁትም የናንተን ሐይቅ ነው የሚጠብቁት። ከነዚህ ጋር አንድ ቀን እንኳ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ታውቃላችሁ? ካልሆነ የበጀቱን የመጀመሪያ ብር እዚያ አውጪው፤ አውቶቡስ ተሳፍረሽ የምትደርሺበት ነው።

ስትመጪ ቀደም ብለሽ በመጽሔቱ በኩል ጻፊልኝ። አዛውንቱ አሁንም አሉ፣ ጠዋት ከ12 ሰዓት በፊት ታንኳቸውን ይዘው ይወጣሉና ሌሊት መነሣት አለብን። የዛዩን ዓሣ አጥማጅ ከሳቸው ጋር አስተዋውቄ፣ ሾላዋ ሥር አስቀምጣችኋለሁ።