ሁለቱ ስክሪኖቼ በቀለም አልተስማሙም

ጥያቄ፦ ሥራዬ ፎቶ ማረም ነው። ከላፕቶፔ ጋር ሁለት ሞኒተር አገናኝቻለሁ። በአሮጌው ላይ ያስተካከልኩት የሰው ፊት በአዲሱ 4ኬ ላይ ቀልቶ ይታያል። በአዲሱ ላይ ማውሱም ይንቀራፈፋል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዲሱ ሞኒተር ሰፊ የቀለም ክልል ያለው ሳይሆን አይቀርም፤ እንዲህ ያለው በትክክል ካልተስተካከለ ቀይና አረንጓዴን ያጋንናል። ከሞኒተሩ ሜኑ «ኤስአርጂቢ» (የተለመደው፣ ጠበብ ያለው የቀለም ክልል) የሚለውን ይምረጡ። ከዚያ ሁለቱንም አብርተው 30 ደቂቃ ያሙቁና በካሊብሬተር (የስክሪን ቀለም መለኪያ መሣሪያ) ለየብቻ ይለኩ፦ ነጩ 6500 ኬልቪን፣ ጋማው (የመካከለኛ ጥላዎች ድምቀት) 2.2፣ ብርሃኑ በካሬ ሜትር 120 ካንዴላ። የሚወጣው ፕሮፋይል (የቀለም ማስተካከያ ፋይል) ለየራሳቸው ነው፤ የአንዱን ለሌላው መጫን ነገሩን ያባብሳል። ይህም ሁሉ ተደርጎ፣ ፓኔላቸው የተለያየ ሞኒተሮች ፍጹም አንድ አይሆኑም። ቀለም የሚፈርዱበትን አንዱን ይምረጡ፤ ሌላው ለፋይል ዝርዝርና ለመሣሪያ ሳጥኖች ይበቃል።

መንቀራፈፉ ሌላ ጉዳይ ነው። ኤችዲኤምአይ 1.4 4ኬን የሚያደርሰው በ30 ኸርዝ (በሰከንድ 30 ምስል) ነው፤ ርካሽ አዳፕተርም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ይቆማል። በዲስፕሌይፖርት ወይም በዩኤስቢ ሲ ያገናኙና በስክሪን ሴቲንግ ውስጥ 60 ኸርዝን ይምረጡ። ገመድ ከመግዛትዎ በፊት ግን የላፕቶፕዎ ዩኤስቢ ሲ ምስል ማውጣቱን ያረጋግጡ፤ ሁሉም አያወጣም።